መጀመሪያ ደህናውን እግር

ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአልትራሳውንድ መኪናው ጭቃ በለበሰ ላንድሮቨር ተጭኖ ወደ ጤና ጣቢያችን ሲገባ ግቢ እየጠረግሁ ነበር። መጥረጊያዬን ጥዬ ሣጥኑን ከሚያወርዱት ወንዶች ጋር ተጋፋሁ። ነይ ያለኝ ሰው የለም፤ ቆሞ ማየት አልችልበትም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ዛሬም ጡረታ ወጥቼ ልጆቼ "አረፍ በይ እንጂ" ሲሉኝ ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ዓይኔ ከሰው እግርና ክንድ ላይ አይነሳም። የሚያነክስ ሰው ካየሁ ጠጋ ብዬ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ካላልኩ ቀኑ አይመሽልኝም። ይህን አመል ያስያዘኝ ያ ሣጥን ነው።

ሥራ የጀመርኩት መንዝ ውስጥ ቀየት በሚባል ቦታ፣ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ፣ በጽዳት ነው። አለቃዬ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የጤና ረዳት ነበሩ፤ መርፌ ሲወጉ ያንጎራጉራሉ፣ ወረቀት ሲጽፉ ይቆጣሉ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሽማግሌና ከባልቴት ጋር ተጣብቄ። ጋሽ ደምሴ ማንበብ መጀመሬን ሲሰሙ የመድኃኒት ብልቃጥ እየሰጡ ያስነብቡኝና ይስቁብኝ ነበር። እየሳቁም ቢሆን አስተማሩኝ። ከዚያ ወደ ትልቁ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። የከተማውን ስም ልተወው፤ የማወራው ነገር የሚነካቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። በመዝገብ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ደሞዜም የጽዳት ነበር። እጄ ግን ቀስ በቀስ ቁስል ወደ ማጠብ፣ ፋሻ ወደ ማሰር፣ በመጨረሻም ወደዚያ መኪና ሄደ።

መኪናውን የተዉልን በድርቁ ጊዜ ለእርዳታ መጥተው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ናቸው። የሚያውቅበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዶክተር አስናቀ። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ብርድ የተላኩት ስብሰባ ላይ መንግሥትን የሚነካ ቃል ስላወጡ ነው ይባላል። እሳቸው አንስተውት አያውቁም፤ እኛም ያን ዘመን የማይጠየቅ ነገር ለይተን እናውቅ ነበር። አጭር ሰው ናቸው፤ ሲሄዱ የሚሮጡ ይመስላሉ።

የመኪናው መስኮት ከትንሽ ቴሌቪዥን አይበልጥም። ኤሌክትሪክ ስለሌለ በሞተር ነው የሚሠራው። ሞተሩ ሲነሳ ግቢው ይንቀጠቀጣል፣ ዶሮዎች ይበተናሉ፤ ናፍጣው ቆሻሻ ከሆነ ያስልና ይጠፋል፣ ምስሉም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ጥድፊያ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ያልታየ ሰው ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ለሌላ ቀን የተቀጠረ ደግሞ ከግሼ ድረስ በእግሩ የመጣ ነው።

መኪናው የመጣው ለነፍሰ ጡሮች ነበር። የአገራችን ሰው "ራጅ መጣ" ሲባል ይዞልን የመጣው ግን እብጠት ነው። ትከሻ ላይ የበቀለ፣ ክንድ ላይ የተንጠለጠለ፣ ባት ውስጥ የተደበቀ። ለዓመታት በልብስ ሸፍኖ የኖረውን ሁሉ አወጣው። ዶክተር አስናቀ መጀመሪያ መብራት እንድይዝ ብቻ አስገቡኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔን ማሰር የሚችል ማን ነው? ከትከሻቸው በላይ እያየሁ ተማርኩ። ውኃና ፈሳሽ ጥቁር ነው። የስብ እጢ ግራጫ ነው፤ ከቆዳው ጋር እኩል የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ ሲጫኑት ይለምጣል። አጥንት ነጭ ሆኖ ከበስተኋላው ጥላ ይጥላል። ሥጋ ውስጥ የቀረ የእሾህ ስባሪም እንዲሁ ትንሽ ነጭ ሆኖ ጥላውን ይዘረጋል፣ ዙሪያውን ጥቁር መግል ከቦት። የመኪናው ቁልፎች ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ስለነበር በየቁልፉ የሱፍ ክር አሰርኩ፤ ቀዩ ለጥልቀት፣ ጥቁሩ ለብርሃን። ዶክተሩ አይተው ሳቁ፤ በማግሥቱ "የሺ፣ ቀዩን ትንሽ ወደ ቀኝ" ማለት ጀመሩ። ስሜ የሻረግ ነው፤ እሳቸው የሺ ይሉኛል።

የዶክተር አስናቀን ሥርዓት ልናገር። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። "የመንዝ ብርድ ላይ የኔ እጅ ሲጨመርበት ሥጋው ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ሥጋ እውነቱን አይናገርም" ይላሉ። ከዚያ "የጀመረህ ሰሞን ምን ስትሠራ ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ይዳስሳሉ፣ ማዳመጫቸውን እብጠቱ ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መኪናው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ደህናው እግር ላይ። ደህናውን ሳያዩ የታመመውን አያዩም።

ይህ ለሰው ግራ ነበር። እትዬ ዘነበች የምትባል ሱፍ ፈታይ የእጇ አንጓ ላይ ባቄላ የሚያህል ነገር አብቅላ መጣች። ዶክተሩ ግራ እጇን ያዙ።

"ኧረ ዶክተር፣ ያመመኝ ቀኙ ነው። ዓይንዎንም ያመዎታል እንዴ?"

"ስለ ቀኙ ግራውን ላማክር ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"እሱ ምን ያውቃል? ሥራ ፈት ነው፤ እንዝርቱን የምታሾረው ቀኟ ናት።"

"ለዚያ ነዋ የምጠይቀው። ሥራ ፈት ሐሜት ያውቃል።"

እትዬ ዘነበች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እጢዋ የመገጣጠሚያ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነበር፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ጥርት ያለ። ሳቋ ሳያልቅ በመርፌ መጠጡላት።

ቆዳ ላይ የሚቀባው ቅባት ወዲያው አለቀብን። ያለ እሱ ምስል የለም። ዶክተሩ ቅቤ ሞከሩ፤ ምስሉ ደበዘዘ፣ ሑዳዴም ገባ። ጉልበታቸው ያበጠ አንድ መነኩሴ ቅቤውን ሲያዩ እግራቸውን ሰብስበው ተነሱ። "ነፍሴን ለጉልበቴ አልሸጥም" አሉ። እኔ ወጥቼ ተልባ ቀቀልኩ፤ ንፍሮውን በነጠላ ሳጠልለው የሚዝለገለግ ወፍራም ውኃ ወጣ፣ ቀዝቀዝ ሲል አመጣሁት። ምስሉ ቁልጭ አለ። መነኩሴው አሽትተው፣ "ተልባ ከሆነስ ግድ የለም። የተረፈ እንደሆነ ለማታ ስጪኝ፣ ልጄ" አሉ። ከዚያ ወዲህ በተልባ ነው የሠራነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ። ከጠዋት ጀምሮ ስነሳ ስቀመጥ የዋልኩት እዚህ ላይ ላለመድረስ ነው።

ቄስ አክሊሉ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በራቤል በኩል ባለ አንድ ደብር ቀዳሽ ነበሩ፤ ድምፃቸውን የሰማ ሰው ቅዳሴው አልረዘመብኝም ይላል። በበዓል ቀልድ አያውቁም። በማርያም ዕለት ሲያርም ያገኙትን ጎረቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ድንጋይ አሸክመው አቁመውታል። ታናሽ ወንድማቸው ጌታነህ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ከእኔ በጥቂት ዓመት ነው የሚበልጠው፤ አብረን ነው ያደግነው፣ አጎቴ ብዬው አላውቅም። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ አንዱ በደወል አንዱ በስብሰባ አገሩን ይጠራሉ።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ ዶፍ ሲጥል፣ ጌታነህ ቄስ አክሊሉን በበቅሎ አስቀምጦ አመጣቸው። የግራ ጭናቸው በውስጥ በኩል አብጦ ቡጢ አክሏል። ቤት ሳሉ ቅጠል ተቀጥቅጦ ታስሮላቸው ስለነበር ቆዳው ቀልቶ ተልጧል፣ ያቃጥላል። ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ፣

"ለፍልሰታ መድረስ አለብኝ" አሉኝ። "ዶክተርሽን ንገሪው። የሚቀድስ ሌላ የለም።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ ዘንድ ግልጽ ነው። ደም የሚፈሰው ቄስ መቅደስ አይገባም። አካሉ የጎደለ ቄስ ደግሞ አይቀድስም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ። አጎቴ ከመቅደስ ውጭ ሕይወት አልነበራቸውም።

ተልባዬን ይዤ ገባሁ። ቄስ አክሊሉ ጋቢያቸውን እስከ እግራቸው ሳቡ።

"አንቺ የት ትመጫለሽ?"

"ሥራዬ ነው፣ አባ። እግር የምይዘው እኔ ነኝ።"

"የእኅቴ ልጅ ጭኔን ልታይ? ውጪ፣ ልጄ።"

ዶክተሩን አየኋቸው፤ ውጪ በሚል ዓይን አዩኝ። የተልባውን ኩባያ አስቀምጬ ወጣሁ። በሩ ስንጥቅ ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

"አባ፣ ቀኝ እግርዎንም ይግለጡልኝ።"

"እሱ ደህና ነው። ደህና ሥጋ ለምን ይገለጣል?"

"የኔ ሥርዓት ነው።"

"የኔም ሥርዓት አለኝ፣ ዶክተር። የታመመውን እዩ፤ እሱም በዚህች ቀዳዳ ነው።"

ጋቢውን የእጅ መዳፍ ያህል ብቻ ከፈቱላቸው።

"የወጋዎት ነገር አለ? እንጨት፣ የበሬ ቀንድ፣ ስለት?"

"የለም።"

"ከጥቂት ወር በፊትም ቢሆን?"

"የለም አልኩ እኮ።"

ሞተሩ ያን ጊዜ ማሳል ጀምሮ ነበር። ዘበኛው በናፍጣው በርሜል ዙሪያ ይሮጣል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዶክተር አስናቀ ማዳመጫቸውን ቢያስቀምጡም ምን ሊሰሙ ኖሯል።

እኔ አግዳሚው ላይ ከጌታነህ ጎን ተቀመጥኩ። ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

"ይኼ ሣጥን" አለ፣ "የሰው ውስጥ ሁሉ ያሳያል አይደል?"

"ሥጋ ነው የሚያሳየው። ምነው፣ የደበቅከው ጉዳይ አለ እንዴ ሊቀ መንበር?"

አልሳቀም። ሌላ ጊዜ እኔን ለመመለስ አንድ ቃል አይጠፋውም ነበር።

"ከምን እንደመጣ ካልነገሩት ራሱ ያውቃል?"

"እሱ ምን ያውቃል፤ ዶክተሩ ናቸው የሚጠይቁት። ምን ሆነሃል ጌታነህ?"

"ምንም። ብርድ ነው" አለ።

ውስጥ ዶክተሩ "ጥቁር ነው፣ ፈሳሽ ቋጥሯል። መግል ነው፣ አባ፣ እናፍስሰው" ሲሉ ሰማሁ። ቄስ አክሊሉ "ለፍልሰታ ይደርቃል?" አሉ። "ይደርቃል" አሉ ዶክተሩ። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ የብረት ሣህን ድምፅ ተሰማ።

"የሺ፣ ፋሻ ይዘሽ ግቢ። ያለውን ሁሉ።"

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ስገባ ግድግዳው ደም ነበር፣ የመኪናው መስኮት ደም ነበር። ዶክተር አስናቀ ቡጢያቸውን አጎቴ ጭን ውስጥ ከትተው በሙሉ ክብደታቸው ተደግፈዋል። በምላጭ ሲከፍቱት መጀመሪያ የረጋ ጥቁር ደም ወጣ፤ ቀጥሎ ቀዩ እንደ ምንጭ ተፈናጠረ። መግል ያሉት ነገር የተቀደደ ደም ስር ነው። ከልብ የሚመጣው ደም በቀዳዳው እየወጣ ሥጋው ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ኖሯል። መኪናችን የሚያውቀው ግራጫና ጥቁር ነው፤ ደምንም መግልንም እኩል ጥቁር አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ጌታነህ ከኋላዬ ገብቶ ቆሞ ነበር።

"መቀስ ነው" አለ።

"ጌታነህ፣ ዝም በል" አሉ ቄስ አክሊሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

"ዝም አልልም። በግ ስንሸልት መቀስ ገብቶበት ነው፣ ዶክተር። ግንቦት ላይ። በሚካኤል ዕለት።"

ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ለኅብረት ሥራው ምንጣፍ ሠሪዎች ሱፍ በማግሥቱ እንዲደርስ ከወረዳ ታዟል። የሊቀ መንበሩ ቤት ካላስረከበ ጎረቤት አያስረክብም፤ ሳያስረክብ የቀረ ሊቀ መንበር ደግሞ የት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። ታላቅየው ለታናሻቸው ፈርተው፣ በር ዘግተው፣ በበዓል ቀን ቤት ውስጥ በግ ሸለቱ። በጓ ስትፈራገጥ መቀሱ ጭናቸው ውስጥ ገባ። በነጠላ ጠፍንገው አሰሩት። ለደብሩ "ንዳድ ይዞኛል" ብለው ቁስሉ እስኪገጥም ከቅዳሴ ቀሩ። ጎረቤቱን ድንጋይ ያሸከሙ ቄስ ይህን ለማን ይናገሩ? ሁለቱ ወንድማማቾች ቃል ተገባብተው ዝም አሉ፤ ጠባሳውንም ቅጠሉ የላጠው ቆዳ ደበቀው።

ዶክተሩ ቀና አላሉም። "እግሩን ከፍ አድርገህ ያዝልኝ" ብቻ አሉት። መብራት ያዝኩ። ደም ስሩን ፈልገው አገኙት፣ ከላይም ከታችም አሰሩት፣ ደሙ ቆመ። ነፍሳቸው ተረፈች። እግራቸው ግን ከጉልበት በታች እየገረጣ ሄደ፤ በእጄ ስይዘው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

በጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ወደ ሆስፒታል ይዘናቸው ወጣን። መንገዱ ላይ ወንዙ ሞልቶ አገደን። ዳር ቆመን ውኃው እስኪጎድል ጠበቅን፤ ዶክተር አስናቀ በዝናቡ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ፣ እኔም ከኋላቸው እመላለሳለሁ፣ ጌታነህ የወንድሙን እግር በሁለት እጁ ያሻል። አጎቴ አንዴ ነቁና "ተሻገርን?" አሉ። "ትንሽ ቀረ፣ አባ" አልኳቸው። ውኃው ጎድሎ ሆስፒታል ስንደርስ እግሩ ጠቁሮ ነበር። ከጉልበት በላይ ተቆረጠ።

ስንመለስ ዶክተር አስናቀ ወደ ሥራቸው ገቡ። አንድ ጠዋት ተልባ ሳጠልል መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ቄስ ናቸው ብዬ አመንኳቸው" አሉ። "ደህናውን እግር ቢያሳዩኝ ኖሮ የሁለቱን ደም ስር ቅርጽ አስተያይቼ እጠረጥር ነበር። ሳላይ መቁረጥ አልነበረብኝም።"

ማጥለሌን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው የእኔ ሥራ ሆነ፤ በሽተኛው ውስጥ ሳለ እኔ ውጭ ከአምጪው ጋር ተቀምጬ አወራለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጉ ዋጋ፣ እያዋዛሁ ማን ምን እንደነካው አወጣለሁ። ሰው ለዶክተር ያልነገረውን አግዳሚ ላይ ይናገራል። ሁለተኛው፣ እብጠት ጥቁር ሆኖ ከታየ ቆዳ ላይ የምናስኬደውን የመኪናውን መዳሰሻ ሳንጫን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣ ጥቁሩን ማየት ነው። ጠርዙ ከልብ ምት ጋር እየሰፋ የሚጠብ ከሆነ ምላጭ አይነካውም። እኔ ለአፍታ ዝም ማለት የማልችለው ሴት ዝም ማለት የተማርኩት እዚያ ነው። በዓመቱ ከሞላሌ የመጣች አንዲት እናት ከጉልበቷ በስተኋላ እብጠት ነበራት። ሎሚ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለ። መዳሰሻውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጥቁሩ ከፈት ከደን አለ። ዶክተሩን አየኋቸው፤ አስቀድመው አይተውታል። "አንሺው" አሉኝ፤ ምላጩን ወደ ሣህኑ መለሱ። ወደ አዲስ አበባ ተልካ በሁለት እግሯ እየሄደች ተመለሰች።

ዶክተር አስናቀ ኋላ ሌላ ቦታ ተመደቡ። መኪናው ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ሞተሩ ሞተ፣ እሱም ሞተ። እኔ በድሬሰርነት ሠልጥኜ ራቤልም ሠራሁ፣ ሌላም ቦታ ሠራሁ፤ ልጆቼ ዛሬ በቀለም የሚያሳይ መኪና አለ ይሉኛል፣ ደሙ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ሲሄድ የሚታይበት። እሰይ ነው። ስሰማው ግን ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ ነው የምመለሰው።

አጎቴን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሄጄ ጠየቅኋቸው። መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ጋቢው በአንድ ወገን ተጣጥፎ።

"አንቺ ውስጥ ብትቆዪ ኖሮ፣ ልጄ፣ ትጠይቂኝ ነበር?"

"እጠይቅዎት ነበር፣ አባ።"

"እኔም አንቺንም እዋሽሽ ነበር" አሉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ "እግሩስ ይሁን። የጎደለኝ መቅደሱ ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጌታነህ ያን ሰሞን የማኅበሩን ማኅተም አስረከበ። ከሊቀ መንበርነቱ ለመውረድ አሞኛል አለ፤ ከወረዳ ጠርተው ጠየቁት፣ ጥቂት ቀን አሰሩት፣ ለቀቁት። በተለቀቀ በመጀመሪያው እሑድ ገና ሳይነጋ ወደ ወንድሙ ቤት ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ በጀርባው አዘላቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። እደጀ ሰላሙ ሲደርስ አወረዳቸው፣ ምርኩዛቸውን አስያዛቸው፤ ቄስ አክሊሉ ቅኔ ማኅሌት ገብተው ከደብተራዎቹ ጋር ቆሙ። እሱ ውጭ ከጥዱ ሥር ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመ፣ ከዚያ አዝሏቸው ወረደ። ልጆቻቸው አድገው እንተካህ ሲሉት እምቢ አላቸው። በየእሑዱና በየበዓሉ፣ አጎቴ እስኪያርፉ ድረስ፣ እንዲህ አደረገ።